ሽማግሌ የተንበረከከበት ቤት

ውባንቺ እልኸኛ ናት። ይህን የሚክድ የለም፤ እሷም ራሷ አትክድም። የባሏ ሰልስት በወጣ ማግስት ዲር ፓርክ ወዳለው የፕላስቲክ ክዳን ፋብሪካ ሄዳ ማሽኗ ፊት የቆመች ሴት ናት። «ኧረ ትንሽ እንኳ እረፊ» ቢሏት «ልጆቼ በለቅሶ አይጠግቡም» አለች፤ አለቀ። በሱዳን በኩል ተሰደው ሜልበርን ከገቡ ገና ሦስት ዓመታቸው ነበር። ያን ጊዜ ሩቤል አሥራ አምስት፣ ትንሿ ሀኒ ስምንት። ያራቪል በሚባል ሰፈር፣ የወደቡ ክሬን በመስኮት በሚታይበት ጠባብ ፍላት፣ እናትና ሁለት ልጆች ብቻቸውን ቀሩ። ቤቱ ምንም አልነበረውም… አንድ ተስፋ ብቻ ነበረው። የተስፋውም ስም ሩቤል ነው።

ሩቤል እግሩ የተባረከ ልጅ ነበር። ኳስ እንደ ጨዋ ልጅ ትታዘዘዋለች ይሉ ነበር ያዩት። ዩኒቨርሲቲ ገብቶም ለዩኒቨርሲቲው ቡድን ሲጫወት አንድ ትልቅ ክለብ፣ ጨዋታው በቴሌቪዥን የሚታይ ክለብ፣ አየው። በ1997 ኅዳር ላይ አስፈረሙት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ውባንቺ ያን ቀን ፋብሪካ ውስጥ ስትዘፍን የሰማት ሰው አለ። ግን የክለቡ ሐኪም የግራ ጉልበቱን ጫን ጫን አድርጎ አየና ፊቱ ጠቆረ። በክረምቱ የተጠመዘዘው ጉልበት ገና አልጠናም። «እስከ ጥር አጋማሽ አንድም ግጥሚያ የለም። ሌላ ቦታ ተጫውተህ ብትጎዳ ውሉ ይፈርሳል» አሉት፤ በወረቀትም ጻፉት። ውባንቺ እንግሊዝኛ ማንበብ ስለማትችል ሀኒ አነበበችላት። ወረቀቱን አጣጥፋ ከባሏ ከኢሳያስ ፎቶ ጀርባ አስቀመጠችው።

ታዲያ ነገር የሚመጣው ሰው ሲደሰት አይደል? በየዓመቱ በፈረንጆቹ ገና ሰሞን የየከተማው የሐበሻ ቡድኖች ተሰብስበው ለዋንጫ ይጫወታሉ። ዘንድሮ ተራው የሜልበርን ነበር። የሜልበርኑን «ጎህ» የመሠረቱት ጋሼ አምደሚካኤል ናቸው፤ ኢሳያስም እስኪሞት ድረስ በረኛው ነበር። ጎህ ሦስት ዓመት በተከታታይ በሲድኒዎች ተሸንፏል። ዘንድሮም እንደምንም እየተንገዳገደ ለፍጻሜ ደረሰ፤ ከእነዚያው ከሲድኒዎች ጋር። ሩቤል ግን በሲቪል ልብሱ አጥሩን ተደግፎ ነው የሚያየው።

«ሩብሻ!» ይለዋል አሠልጣኙ ወንድማገኘሁ፣ «ጉልበትህን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥከው እንዴ?»

ልጁ ይስቃል፤ ውስጡ ግን ያርር ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «እንጀራው ነው፣ ይቀመጥ እንጂ! ለአንድ ቀን ጭብጨባ ዕድሜውን ይሽጥ?» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «አባቱን የቀበረለት ቡድን ነው፤ በክፉ ቀን የደረሰለትን ትቶ ለፈረንጅ ይቆጠብ?» ይላል። ውባንቺ ሁለቱንም ሰማችና «እኔ በሕይወት እያለሁ አይጫወትም!» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ፍጻሜው እሑድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙቀቱ አስፋልት በሚያቀልጥበት ቀን፣ በሯ ተንኳኳ። ጋሼ አምደሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ታላቋ እትዬ ማንተግቦሽና ወንድማገኘሁ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ውባንቺ ባርኔጣውን ስታይ የመጡበት ጉዳይ ገባት።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም ልጄ» አሉ ጋሼ። «ለሽምግልና ነው የመጣነው።»

«እሺ፣ ውሃ እንኳ ላምጣ።»

«ጉዳያችን ሳይፈጸም ውሃሽንም አንቀምስ።»

«ጉዳዩ የሩቤል ከሆነ ደጅ ላይ ብትጠይቁኝም መልሱ ያው ነበር።»

«ምነው ውባንቺ!» አሉ እትዬ ማንተግቦሽ ደረታቸውን ይዘው። «ሽማግሌ ከደጅ ይመለሳል? በየትኛው አገር ነው ያደግሽው?»

«አንድ ጨዋታ ነው እኮ እትዬ ውባንቺ» አለ ወንድማገኘሁ። «ሁለቱ አጥቂዎቼ ተጎዱብኝ። ዘጠና ደቂቃ ብቻ።»

«ዘጠና ደቂቃ ከሆነማ ያን ሆድህን ይዘህ አንተው ተጫወታ!»

«እኔ ከሮጥኩ አምቡላንስ ነው የሚከተለኝ» አለ፤ ማንም አልሳቀም።

ያን ጊዜ ጋሼ አምደሚካኤል ባርኔጣቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ። አንድ እጃቸውን ግድግዳ ላይ፣ አንድ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው… ቀስ ብለው ተንበረከኩ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ! ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ካልሲው ቆዳቸውን አሰርጉዶታል። እጃቸውን የውባንቺ ጫማ ላይ አሳረፉ።

«ይነሡ ጋሼ! በመድኃኔ ዓለም ይነሡ! ምን በድዬዎት ነው እንዲህ የሚያደርጉኝ?»

«አልነሣም። ዘንድሮን ብቻ፣ ልጄ። ዘንድሮን ብቻ ስጪኝ።»

ውባንቺ የጋሼን እጆች አየቻቸው። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዋን የተቀበሉ እጆች ናቸው። ዘመድ በሌለበት አገር የኢሳያስን ሬሳ ያጠቡ፣ የገነዙ፣ ከቡድኑ ልጆች ጋር ሳጥኑን ተሸክመው እስከ ጉድጓዱ ያደረሱ እጆች ናቸው። እነዚያ እጆች ጫማ ላይ ሲወድቁ የትኛዋ የሐበሻ ሴት ትችላለች? እልኋ የት ገባ? ያ ድንጋይ የመሰለ እልህ በአንድ ጊዜ እንደ ጨው ሟሟ።

«ይጫወታል!» ብላ ጮኸች። «ይነሡልኝ እንጂ፣ ይጫወታል!»

ወዲያው የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ አየችው። ሩቤል ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ውሃቸውን ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። እናትና ልጅ ተፋጠጡ።

«ማሚ፣ ወረቀቱን ሀኒ አንብባልሻለች አይደል?»

«አንብባልኛለች።»

«ታዲያ?»

«ቃሌ ወጥቷል፣ ልጄ። ሽማግሌ እግሬ ላይ ወድቆ…»

«የእኔስ ቃል? ፈርሜያለሁ እኮ!» ከዚያ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሀኒ እያለቀሰች ተረጎመችላት። «ጉልበቱ የእኔ ነው፤ አንድም ሰው እኔን አልጠየቀኝም ነው የሚለው።»

ውባንቺ እንደ ልማዷ ተቆጣች። «እናትህ ነኝ! ያልኩት ይሆናል!»

ሌላ ልጅ ቢሆን በር ይገነጥል ነበር። ሩቤል ግን «እሺ» አለ። እሺ ብቻ። ከሺህ እርግማን ያቺ አንዲት እሺ እንደምትከብድ ያን ቀን ማን በነገራት!

እሑድ ሜዳው ጠርዝ ላይ ሕዝቡ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጋሼ በጃንጥላ ጥላ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። ሩቤል ጉልበቱን በፋሻ ጠፍሮ ገባ። በሃያኛው ደቂቃ አገባ። ሕዝቡ አበደ፤ ጋሼ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ውባንቺ ግን ኳሱን አታይም። ያቺን ነጭ ፋሻ ብቻ ነው የምታየው። ፋሻዋ ስትሮጥ ትንፋሿ ይቆማል፤ ፋሻዋ ስትቆም ትተነፍሳለች። ሲድኒዎች አስተካከሉ። ከዕረፍት በኋላ ሩቤል ሁለተኛውን አገባ። ያን ጊዜ አላስቻላትም፤ መስመሩን ይዛ ወደ ወንድማገኘሁ ሮጠች።

«በቃ! አግብቶልሃል፤ አውጣው!»

«አሥር ደቂቃ ብቻ እትዬ! ሲወጣ ካዩ ይጨፈልቁናል!»

«አውጣው እልሃለሁ! ያነክሳል፤ አታይም?»

«አምስት ደቂቃ!»

አምስት ደቂቃ… አምስት ደቂቃ ምን ታህል ናት? ሩቤል ኳስ ተከትሎ ዞረ። ማንም አልነካውም። አጠገቡም ሰው አልነበረም። ሰውነቱ ዞረ፤ ጉልበቱ ግን አልዞረም። የተሰማው ድምፅ እንደ ደረቅ እንጨት ነበር ይላሉ። ከዚያ የልጁ ጩኸት። ውባንቺ ሜዳውን አቋርጣ ስትደርስ ፊቱን በክንዱ ሸፍኗል። «ልጄ…» ብትለው ክንዱን አላነሣም።

ጎህ አሸነፈ። ዋንጫውን ግን ያነሣው የለም፤ ሣሩ ላይ ቀረ።

ጅማቱ ተበጥሶ ኖሯል። ቀዶ ጥገናውም እንደ ድሮው አላደረገውም፤ ጉልበቱ እስከ ግማሽ ብቻ ነው የሚታጠፈው። በየካቲት የክለቡ ደብዳቤ መጣ። ሀኒ ማንበብ ጀመረችና ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፅዋ ተቋረጠ። ቀሪውን እናቷ ሳይነበብላት አወቀችው። በመጋቢት ሩቤል ትምህርቱን ተወ። በሚያዝያ ሻንጣውን ይዞ ከከተማው ወጣ ብሎ ዌሪቢ በሚባል ቦታ፣ አበባ ጎመን የሚታሸግበት መጋዘን ሥራ ገባ፤ እዚያው ቤት ተከራየ። ስልክ ስትደውልለት አያነሣም። የጎህ ልጆችም መለያቸውን ለመልበስ አፈሩ፤ ቡድኑ ፈረሰ። ጋሼም ከቤተ ክርስቲያን ጠፉ። ውባንቺ ማሽኗ ፊት ቆማ ክዳን ትለቅማለች፤ የሚከደን ሐዘን ቢሆን ምን ነበረበት?

በነሐሴ፣ ብርድና ዝናብ በተፈራረቁበት ሳምንት፣ እትዬ ማንተግቦሽ መጡ።

«ጋሼ ሆስፒታል ናቸው። ኩላሊታቸው አልቋል። ያን ጊዜም ሐኪሙ ነግሯቸው ነበር፤ ደብቀውን ነው። ዘንድሮን ብቻ ያሉሽ ለዚያ ነበር።» በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «አሁን የሚጠሩት አንድ ስም ነው። ሩቤልን፣ ሩቤልን ይላሉ። ይቅር ሳይለኝ አልሙት ይላሉ።»

ውባንቺ ከፋብሪካ ቀርታ ዌሪቢ በባቡር ወረደች። መጋዘኑ ደጃፍ በምሳ ሰዓት ደረሰች። ሩቤል የጎማ ቦቲ ተጫምቶ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ስታየው ከስቷል። ሲያያት ተነሣ፤ እያነከሰ ሊገባ ዞረ።

«ሩቤል!»

አልቆመም። ያን ጊዜ ለሰው አንገቷን ሰብራ የማታውቀው ውባንቺ፣ ጭቃው ላይ፣ የጎመን ቅጠል በተረገጠበት መሬት ላይ ተንበረከከች።

«ማሚ! ምን ሆነሻል፣ ተነሺ! ሰው ያያል!»

«ይይ! አይቶ ይጥገብ! በአንተ ጉልበት ነው ሽማግሌ ያከበርኩት፣ ልጄ። በራሴ ጉልበት ተንበርክኬ ያን ቀን አንተን መለመን ነበረብኝ። ይኸው፣ ዘግይቼ መጣሁ።»

ሊያነሣት ጎንበስ አለ። ጉልበቱ አልታጠፍ አለው። እንደገና ሞከረ፤ እንቢ አለው። በመጨረሻ የሣጥኑን ጠርዝ ይዞ፣ የታመመ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ጭቃው ላይ ዘፍ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። ተቃቀፉ። ስምንት ወር የታቆረው እንባ እንደ ጎርፍ ወረደ።

«ማሚ» አላት በመጨረሻ፣ «ብትጠይቂኝ እኮ እጫወት ነበር።»

«ምን አልክ?»

«ለጋሼ እጫወት ነበር። አባቴን ያጠቡ ሰው ናቸው። አንዴ ብቻ፣ ምን ይመስልሃል ብትይኝ ኖሮ… እራሴ እሺ እል ነበር። ቢሰበርም የእኔ ይሆን ነበር።»

ከዚህ በላይ የሚቆርጥ ቢላ ከየት ይመጣል!

ጋሼ ሆስፒታል ተኝተው ስሙን እንደሚጠሩ ስትነግረው ወዲያው ተነሥተው ባቡር ያዙ። ሆስፒታል ሲደርሱ ግን አልጋው አዲስ አንሶላ ተነጥፎበታል። እትዬ ማንተግቦሽ ያን አሮጌ ባርኔጣ ደረታቸው ላይ ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። አንድ ሰዓት! ሞት አንድ ሰዓት ብቻ ቀደማቸው። ሩቤል ባርኔጣውን ተቀብሎ ሳመው። «ይቅር ብዬዎታለሁ ጋሼ» አለ፤ የሚሰማው ግን አልነበረም።

በቀብሩ ዕለት የጎህ ልጆች መለያቸውን ከካፖርታቸው ሥር ለብሰው መጡ። ሳጥኑን ስድስት ሆነው ሊያነሡ ተዘጋጁ። ሩቤል «እኔም እይዛለሁ» ሲል ወንድማገኘሁ «ይቅርብህ ወንድሜ» ሊለው አፉን ከፈተና ተወው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ትችላለህ?» ብሎ ጠየቀው። «እችላለሁ» አለ፤ ከስድስቱ አንዱ ቦታውን ለቀቀለት። ጉዞ ሲጀመር ሳጥኑ በሩቤል በኩል ዘመም አለ፤ ቀና አለ፤ ደግሞ ዘመም አለ። ያን ጊዜ ፊት ያለው ልጅ እርምጃውን አሳጠረ። ቀጥሎ ያለውም አሳጠረ። በመጨረሻ አምስቱም እንደ ሩቤል እያነከሱ፣ አንድ ላይ እየዘመሙ፣ አንድ ላይ ቀና እያሉ፣ ጋሼ አምደሚካኤልን እስከ ጉድጓዱ አደረሱ። ከዚያ ቀብር ሳያለቅስ የተመለሰ ሰው የለም።

ዕጣ ፈንታ በማን በኩል እንደሚመጣ ማን ያውቃል? አንዳንዴ ጠላት ሆኖ አይመጣም፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ መርቆ ነው የሚገባው። ሰዉ ዛሬም ያን ወሬ አልጨረሰውም። አንዱ «መቀመጥ ነበረበት» ይላል፤ ሌላው «መጫወት ነበረበት» ይላል። ውባንቺ አትከራከርም። ጫጫታው እስኪበርድ ትጠብቅና አንዲት ነገር ብቻ ትላለች፦

«ልጁን ጠየቃችሁት?»