ቀዩዋ መኪናና የሬሳው ጋቢ

አቶ አጥናፉ በሞቱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ የመድን መርማሪው ወልዱ፣ ቀጨኔ ሰፈር ውስጥ ከሟቹ ቤት ቁልቁል ባለው ጋራዥ ውስጥ አንዲት ቀይ መኪና ይዞራት ነበር። ዘመኑ ቤንዚን በኩፖን፣ ወሬ በሹክሹክታ የሆነበት ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። መኪናዋ ባለ ሁለት በር፣ ጣራዋ ዝቅ ያለ ስፖርት ፊያት ናት፤ አፍንጫዋ ተጨፍልቋል። አቶ አጥናፉ ከመሪዋ ኋላ ተቀምጠው፣ ግንባራቸው ተፈንክቶ፣ ከላይኛው መንገድ ቦይ ውስጥ ሞተው ተገኙ።

ወልዱ እጁን ወደ በሩ ሲሰድ ማንም ሳይነካት ክላክሷ ጮኸች። ደርቆ ቀረ።

«አይደንግጡ፣ ሽቦው ሲሞቅ ይገናኛል» አለ የጋራዡ ባለቤት ሙሐዲን። «በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀምርና እስኪመሽ ይመላለሳል። የሞቱትም በዚሁ ሰዓት ስለሆነ ሰፈሩ ‹አጥናፉ እየተጣሩ ነው› ይላል። ልነቅለው ብል ወይዘሮ የሺ ‹ተወው፣ ይጥራን› ብለው ከለከሉኝ።»

«ፍሬኗስ?»

«ከእኔ ፍሬን ይሻላል። መሪዋም ደህና ነው።»

ወልዱ ጎንበስ ብሎ ገባ። ረጅም ሰው ነውና አናቱ ጣራውን ነካው። ሲወጣ ሙሐዲን ሳቁን ዋጥ አደረገ፤ የመርማሪው ግራጫ ሱሪ ከኋላው ቀልቶ ነበር።

«የመቀመጫው ቆዳ ቀለም ይለቃል። ጥቁር ይሻልሃል ብዬው ነበር፤ የወንድማቸው ልጅ ስብሐት ግን ‹ካልቀላ ምኑን ስፖርት ሆነ› አለኝ።»

«ሬሳው ሲገኝ ምን ለብሶ ነበር?»

ሙሐዲን ከኋላ ሳጥኑ አንድ ጋቢ አወጣ። ወልዱ ዘርግቶ አየው። አራት ተደርጎ የታጠፈበት ምልክት አለው፤ ከአራቱ አንዱ ክፍል ብቻ እንደ ሱሪው ቀልቷል። የቀረው ነጭ ነው። እንደገና ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈለገ፤ የፈለገውንም አጣ። ፊቱ ጠቆረ።

መኪናዋን ሲያውቃት ቆይቷል። ስብሐት አባቱ በተዉለት ገንዘብ ሊገዛት ሲነሳ፣ አጎቱ «ቮልስ ግዛ፣ ቮልስ ሰው አያሳፍርም» ብለው ለምነውት ነበር። አልሰማም። መድን ቤቱ ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ስፖርት መኪና ሲያመጣ የመድኑን ክፍያ እጥፍ ያደርገዋል። አጎትየው ተሸንፈው በስማቸው አስገቡለት፤ «ከእኔ በቀር ማንም አይነዳትም» ብለው ፈረሙ። ፎርሙን የተቀበለው ወልዱ ራሱ ነው። ያን ዕለት የጎረምሳውን ዓይን አይቶ ነገሩ ገብቶት ነበር። ዝም ብሎ ማኅተሙን መታ። አሁን ያ ማኅተም እንቅልፍ ነስቶታል።

ከጸሎተ ፍትሐቱ የመጣው ሰው ተሰናብቶ እስኪወጣ ጠብቆ ወደ ቤቱ ገባ። ወይዘሮ የሺ ጥቁር ለብሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ደሳለች ጥግ ይዛለች፤ አባቷ ከሞቱ ወዲህ ቃል አልተነፈሰችም። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ደቃቃ ናት። በዚያ ሙቀት ሹራብ ለብሳ የቀኝ እጅጌዋን እስከ ጣቷ ስባዋለች።

«ነፍስ ይማር። አቶ አጥናፉ ይታመሙ ነበር እንዴ?» አለ ወልዱ።

«ደረቴን ይወጋኛል ይል ነበር። ዳገት ሲወጣ ያርፋል። ለልጆቹ አትንገሪ ብሎኝ ነው።»

«መኪናዋን እሳቸው ነበሩ የሚነዱት?»

«እና ማን ሊነዳት ኖሯል?» አሉ ወይዘሮ የሺ፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው።

ስብሐት በሩን ሞልቶ ቆሞ ነበር፤ ቁመቱ እንደ አጎቱ ዘንግ ነው። «እኔ አዲሱ ገበያ ሥራ ላይ ነበርኩ» አለ ሳይጠየቅ።

«ተቀመጥ፣ ስብሐት። ሁላችሁም ስሙኝ» አለ ወልዱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ጋቢውን በመሐላቸው ዘረጋው። ወይዘሮ የሺ ፊታቸውን አዞሩ።

«ይህ ጋቢ የመኪናዋ መቀመጫ ላይ አራት ታጥፎ ሰው ሲቀመጥበት የከረመ ነው። ቀዩ ቀለም ይመሰክራል። እኔ ያለ ጋቢ ስቀመጥ አናቴ ጣራ ነካ። አቶ አጥናፉ ከእኔ ይረዝሙ ነበር። ከሥራቸው ጋቢ አንጥፈው እንዴት ይነዳሉ? እሳቸው መሪውን አልያዙም።»

ስብሐት ተነሣ። «እኔ ነኝ። እኔ ስነዳ ነው የሞተው። እሰሩኝ።»

«አንተማ አንገትህን ካልቆረጥክ አትገባም። ጋቢ የሚያስፈልገው መንገዱን አሻግሮ ለማየት ቁመት ያጠረው ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ጥግ ላለማየት ታገሉ። ደሳለች የቀኝ እጅጌዋን ይበልጥ ሳበችው።

«እሷን ተዋት!» አሉ ወይዘሮ የሺ። «አባትየው መንዳት እያስተማራት ነበር፣ እሺ። ሮጣ መጥታ እጃችንን ይዛ ጎተተችን፤ እኔና ስብሐት ነን ወደ መሪው ያዛወርነው። ፊቱን ለፀሐይ መተው ነውር ነው ብዬ እዚያ ያገኘሁትን ጋቢ ያለበስኩትም እኔ ነኝ። ወንድሟን ከዚህ ቤት ወስደውብኛል፤ እስካሁን ሬሳውን አላየሁም። እሷን አልሰጥም። ገንዘባችሁን ውሰዱት።»

ወልዱ ጋቢውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገው። ይህቺን እናት መዋሸት አልፈለገም፤ ደግነቱ መዋሸት አላስፈለገውም።

«እትዬ የሺ፣ ጋቢው ሌላም ነገር ይናገራል። ግንባራቸው ተፈንክቷል። ፊታቸውን የሸፈኑት በዚህ ነው። ደሙ የታለ?»

ወይዘሮ የሺ ጋቢውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ገለበጡት፤ መልሰው ገለበጡት።

«በሕይወት ያለ ሰው ግንባሩ ሲፈነከት እንዴት እንደሚደማ ያውቃሉ። የእሳቸው አልደማም፤ ልባቸው ቀድሞ ቆሟል። ቦታውን አይቼዋለሁ፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ጎማው ድንገት ወደ ቀኝ፣ እሳቸው ወደ ተቀመጡበት ነው የዞረው። ደሳለች፣ ልጄ፣ እጅጌሽን ሰብስቢው።»

ልጅቱ ቆይታ ሰበሰበችው። ቀኝ አንጓዋ ላይ አምስት የጥፍር ምልክቶች ነበሩ፤ ጠቁረው መዳን ጀምረዋል።

«አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ‹አጥፍቼ ተቆጥቶ ያዘኝ› ስትይ ከርመሻል አይደል? አላጠፋሽም። ሕመሙ ሲጥላቸው አጠገባቸው ያለውን እጅ ያዙ፤ ያ እጅ መሪው ላይ ስለነበር መኪናዋ አብራ ዞረች። መጀመሪያ እሳቸው ሞቱ፤ ከዚያ ነው ቦይ የገባችሁት። ይህን ለፖሊስ በፊርማዬ እጽፋለሁ። መድኑ ግን አይከፍልም፤ ፎርሙ ውሸት ነበር። እኔም አውቄ ማኅተም መትቼበታለሁ፤ እሱንም እጽፈዋለሁ።»

«ከሥራ ያባርሩዎታል» አለ ስብሐት በዝግታ።

«ይሆናል።»

«መኪናዋም ትቅር» አለ ስብሐት፣ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፍኖ። «ቮልስ ግዛ ብሎኝ ነበር።»

ወይዘሮ የሺ ደም የሌለበትን ጋቢ ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እስከዚያ ቀን ያለቀሱት ለልቅሶ ወጉ ነበር፤ ይህኛው ለባላቸው ነው።

ያኔ ከታች ከጋራዡ ክላክሱ ጮኸ። ረጅም ነበር። ስብሐት አማተበ። ወልዱም፣ ሽቦ መሆኑን እያወቀ፣ ጀርባውን ቀዘቀዘው።

ደሳለች የቆሰለ አንጓዋን በሌላ እጇ ይዛ እስኪያበቃ አዳመጠች። ከዚያ በሻከረ ድምፅ፣ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«እማዬ፣ ሙሐዲንን ሽቦውን ይንቀለው በይው። አባዬ ይረፍ።»