የናና አምፖንሳ ጫማ

በአቦፎሶ ከተማ «ናና አምፖንሳ ሞቱ» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው አልነበረም። ንጉሥ አይሞትም፤ «ወደ መንደር ሄደዋል» ነው የሚባለው። ኢንስፔክተር ቢራጎ ግን ከኩማሲ የተጠራችው መንደር የሄደ ሰው ልትፈልግ አልነበረም። ናና እልፍኛቸው ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። ጎህ ሲቀድ ጋደም ብለው መተንፈስ ሲያቅታቸው ቀና አድርገው ያስቀመጧቸው ሚስታቸው ናቸው፤ እዚያው ቀሩ። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ተነፍቷል።

ቢራጎ አጭርና ደንዳና ሴት ናት። ሲያዩዋት ቀልድ የማታውቅ ትመስላለች፤ ውሸቷን ነው። ተንበርክካ የናናን እግር ስታይ ቆየች። ያን ያህል ባበጠ እግር ላይ ነጠላ ጫማው ልክክ ብሏል፤ ማሰሪያው የትም ሥጋ አልያዘም። ቆዳው ገና አዲስ ነው።

«ምን ገደላቸው?» ስትል የከተማዋን ነርስ አዶማን ጠየቀቻት።

«ውሃ። ልባቸው ደካማ ነበር። ልብ ደሙን ገፍቶ ካላስኬደ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባ ይሞላል። ባለፈው ወርም እንዲሁ ሆነው ነበር፤ ሆስፒታል የሚያሸናውን መድኃኒት በደም ሥራቸው ሰጧቸው። ባልዲ ሙሉ ሸንተው ትንፋሻቸው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ያንኑ መድኃኒት በክኒን ይወስዱ ነበር።»

«ዛሬስ መርፌውን አልሰጠሻቸውም?»

«ሰጥቻለሁ እንጂ! ግን ስደርስ እየሰመጡ ነው። አምቡላንስ ሳይደርስ አለቀ።» አዶማ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ክኒኑን እየዋጡ እንዲህ መሆን አልነበረባቸውም። ሰኞ መዝኛቸዋለሁ፤ ከሆስፒታል በወጡበት ኪሎ ላይ ነበሩ። ቅልጥማቸውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ አልሰረጎደም። እንደኔ ቀጭን እግር ነበር።»

ዘመድ አዝማዱ ፍርዱን ጨርሷል። ማሜ ኮናዱን፣ የናናን ሚስት፣ ማድቤት ቆልፈውባቸዋል። እዚያ አገር ሚስት ምንጊዜም የሌላ ቤት ልጅ ናት፤ ጉድ ሲመጣ የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪ እሷው ናት። ፖሊስ ካልወሰዳቸው ከቀብሩ በፊት ተዋርደው ሊባረሩ ነው።

ግቢው ውስጥ የናና እህት፣ ንግሥቲቱ ፖኩዋ፣ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ራሱ በወርቅ የተለበጠ በትር የያዙት አፈ ንጉሥ አጄኩም ቆመዋል። የንጉሣውያን ቃል በቀጥታ አይሄድም፤ ለአፈ ንጉሡ ይሾከሾካል፣ እሳቸው አሳምረው ያደርሱታል። አጄኩም አርባ ዓመት የናና አፍ ሆነው ኖረዋል።

«ክኒኑን ማን ይሰጣቸው እንደነበር ይጠየቅ» ሲሉ ንግሥቲቱ አንሾካሾኩ።

አጄኩም በትራቸውን መሬት መቱና «ንግሥቲቱ እንዲህ ይላሉ፤ ያቺ ሴት በእጇ ምን እንዳበላቻቸው ትጠየቅ!» አሉ።

የቢራጎ ጆሮ ደህና ጆሮ ነው። ሁለቱንም ሰማች፤ በሆዷ ያዘችው።

በሩ ላይ የናና የእህት ልጅ ዶሞ ተደግፎ ቆሟል፤ እዚያ አገር ዙፋን የሚወርሰው የእህት ልጅ ነው። መድኃኒቱን ከኩማሲ የሚያመጣው እሱ ነው።

«ወራሹ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ገዳዩም እኔ ነኝ። ሂሳቡ እንዲህ አይደል?» አላት።

«ሂሳቡማ እንደዚያ ነው፤ መልሱ ነው እምቢ ያለኝ። ለመሆኑ ይሄን የመሰለ ጫማ ማን ሠራላቸው?»

«አጎቴ ወደ መንደር ሄደው ስለ ጫማ ትጠይቂኛለሽ? ኦቲ ነው፤ ገበያው ዳር። ላንቺም ይሠራልሻል።»

ማሜ ኮናዱ ማድቤት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የክኒኑን ጠርሙስ ከጉያቸው አውጥተው ሰጧት።

«እኔ ነኝ የሰጠኋቸው። በየጠዋቱ፣ ከገንፎው በፊት። ጠርሙሱ እስከ ዛሬ እልፍኝ ውስጥ ከራስጌያቸው አይለይም ነበር።»

«እልፍኙ ውስጥ ማን ይገባል?»

«እኔ፣ ዶሞ፣ አባባ አጄኩም። አባባ አጄኩም ጠዋት ጠዋት ሳይጠይቋቸው አይውሉም። እኔ ገንፎ ሳማስል እሳቸው ያጫውቱልኛል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአንድ ሳህን ነው የበሉት።»

«በዚህ ሳምንት የተለወጠ ነገር አለ?»

ኮናዱ ሊስቁ ከጀሉና ተዉት። «ደስ ብሎን ነበር የከረምነው። ክኒኑ እኮ ከሸንጎ መሀል ያስነሳቸው ነበር። ንጉሥ ከተነሳ ሸንጎው ተበተነ ማለት ነው። የሰፈሩ ልጆች ‹ናና ቧንቧ› ይሏቸው ጀምረው ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ ግን ከወንበራቸው ንቅንቅ የለም። ሽማግሌዎቹ ‹ናና ዳኑ› ብለው አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።»

«ናና ከአጄኩም ጋር ተጣልተው ያውቃሉ?»

«ባለፈው ወር ትንፋሽ ሲያጥራቸው ‹እየሞትኩ ነው በላቸው› አሏቸው። አባባ አጄኩም ግን ለሐኪሙ ‹ናና ጥቂት ደክሟቸዋል› ብለው አሳመሩለት። ለንጉሥ ክብር ብለው ነው። ሐኪሙም ሌላ በሽተኛ ሲያይ ቆየ። ናና ሲድኑ ‹ከመጪው የከተማዋ በዓል ጀምሮ በገዛ አፌ እናገራለሁ፤ በትሩን በሕዝብ ፊት እቀበለዋለሁ› አሉኝ። ለእሳቸውም ነግረዋቸዋል። አባባ አጄኩም አልተቆጡም፤ ሳቁ ብቻ።»

ቢራጎ ጫማ ሰፊው ኦቲ ዘንድ ሄዳ ጥቂት አወራች። ከነርሷ ክሊኒክም አንዲት ክኒን ወሰደች። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ንግሥት ሆይ፣ ዛሬ በቀጥታ እንድናገር ይፍቀዱልኝ» አለች። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ንግሥቲቱ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ናና ከማክሰኞ ወዲህ ከሸንጎ አልተነሱም። እናንተም ዳኑ አላችሁ። የሚያሸና ክኒን የዋጠ ሰው ግን ይነሳል። ካልተነሳ አልዋጠም። ያጨበጨባችሁት እኮ ውሃው በሰውነታቸው ሲከማች ነው!»

ናናን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር የወሰዳቸው።

«ሚስታቸው ከለከለቻቸው በይና!» አለ አንድ ሽማግሌ።

«አልከለከሉም፤ ሰጥተዋል። እዩ፤ ከክሊኒክ ያመጣሁት ክኒን መሀሉ ላይ መስመር አለው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ክኒን ነጭነቱም መጠኑም ያው ነው፤ መስመር ግን የለውም። አንድ ሰው ሌላ ክኒን ቀይሮ ጨምሮበታል። ማሜ ኮናዱ ቢሆኑ ኖሮ ጠርሙሱን በጉያቸው ታቅፈው ይጠብቁኝ ነበር? ኦቲ፣ ጫማውን ማን አዘዘህ?»

ጫማ ሰፊው ኮፍያውን እያሻሸ ተነሳ። «አፈ ንጉሡ ናቸው። ሰኞ ጠዋት። ‹የናና እግር እያበጠ ነው፤ ሰፋ አድርገህ ሥራ፤ ባዶ እግራቸውን እንዳይሆኑ› አሉኝ።»

«ሰኞ ዕለት ነርሷ እግራቸውን ተጭናለች፤ ቀጭን ነበር። ገና ያላበጠ እግር እንደሚያብጥ ማን ያውቃል? የሚያሳብጠው ሰው ነዋ! ባዶ እግሩ መሬት የነካ ንጉሥ ከዙፋኑ ወረደ ማለት ነው። ይህ ሰው ባህል ያከብራል። ናና ሲያብጡ ማየቱን ችሎታል፤ ባዶ እግራቸውን ማየቱን ግን አልቻለም።»

አጄኩም በትራቸውን ጨብጠው ተነሱ። «ጥንቃቄ ነው! አንዴ ያበጠ እግር ደግሞ ያብጣል ብዬ ነው! ከወንድሜ በላይ የምወደውን ሰው? ደግሞስ ለመወፈር የሚዋጥ ክኒን ሰው ገድሎ ያውቃል?»

ቢራጎ ወደ እሳቸው ዞረች።

«አባባ፣» አለች ቢራጎ ቀስ ብላ፣ «እኔ ‹ሌላ ክኒን› ነው ያልኩት። ምን ክኒን እንደሆነ ሆስፒታሉ ገና አልነገረኝም።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አርባ ዓመት የሰው ቃል ሲያሳምር የኖረ አንደበት፣ የራሱን ቃል በተናገረበት ቀን ጌታውን አሰረ። አጄኩም ተመልሶ ተቀመጠ።

«ልገድለው አልነበረም» አለ። «ገበያ ላይ ‹ያወፍራል፣ ፊት ያሳብጣል› ሲሉ ሰማሁ። እግሩ ትንሽ አብጦ በዓሉን ሆስፒታል እንዲያሳልፍ ነው የፈለግኩት። በትሬን በሕዝብ ፊት እንዳይቀማኝ። እኔ አፉ ነበርኩ! አፍ ከሰውየው ተነጥሎ የት ይሄዳል?»

«እግራቸው ላይ ቁም ያሉት ውሃ አልቆመልዎትም» አለች ቢራጎ።

ንግሥቲቱ ፖኩዋ እንደ ልማዳቸው ወደ ጎን ዘንበል ብለው ሊያንሾካሹኩ አሉ። የሚቀበላቸው አልነበረም። ያን ጊዜ ተነሱ።

«ጫማህን አውልቅ» አሉት ጮክ ብለው።

አጄኩም አወለቀ። ባዶ እግሩን በጋለው ጠጠር ላይ እስከ ፖሊሱ መኪና ሄደ። በትሩን ከወደቀበት ያነሳው ሰው የለም።

ንግሥቲቱ ወደ ማሜ ኮናዱ ዞሩ። «ልጄ፣ ጠዋት የጠየቅኩት ‹ክኒኑን ማን ይሰጣቸው ነበር› ብዬ ነው። እሱ ሌላ ነገር አለ፤ እኔ ደግሞ ሰምቼ ዝም አልኩ። በድዬሻለሁ።»

ኮናዱ መዳፋቸውን ዘርግተው ያዩት ነበር።

«የሰጠው እጅ ግን የኔ ነው፣ ንግሥት ሆይ» አሉ። «ዛሬ ጎህ ሲቀድ እንኳ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው እያየሁ፣ ‹ዋጡት፣ ያድንዎታል› ብዬ ሰጠኋቸው። ‹አመሰግናለሁ› አሉኝ።»