አምስት ሰማያዊ፣ አንድ ጥቁር

መምህር ጥሩነህ በሆዱ እንደተኛ ሞተ። በጀርባው መተኛት ካቆመ ዐሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ከግራ ትከሻው በታች የነበረች የእንቁላል ያህል የጮማ እባጭ በቀዶ ሕክምና ወጥታለት፣ ቁስሉ በስድስት ስፌት ተዘግቶ፣ ሐኪሙ «በሁለት ሳምንት ክሩን እናወጣለን» ብሎ ሸኝቶት ነበር። ሰው የሚሞትባት ነገር አልነበረችም። ሳንሱሲ ያለው ቤቱ ድረስ ሬሳውን ሊያይ የተጠራው ሌላ ሐኪም ግን ፋሻውን ገለጥ አድርጎ አየና የሞት ወረቀቱን ሳይፈርም ለፖሊስ ደወለ።

ኢንስፔክተር ሃፊዛ አስከሬን መመርመሪያ ክፍሉ ስትደርስ ዶክተር ወዬሳ ጓንታቸውን እንዳጠለቁ ጠበቋት።

«ቁርስ በልተሽ ከሆነ እዚያው በር ላይ ቁሚ።»

«በልቻለሁ፤ እገባለሁም» አለችና ገባች።

ሃፊዛ የኮልፌ ልጅ ናት። አባቷ አርባ ዓመት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ስፌት ያለበት ነገር ስታይ ዓይኗ ከሰው ይቀድማል። ዶክተሩ ሳይጠቁሟት ጎንበስ ብላ ቆጠረች።

«አምስት ሰማያዊ፣ አንድ ጥቁር።»

«ሰማያዊዎቹ ናይለን ናቸው፤ ያኔ ሐኪሙ የሰፋቸው። ክሩ ነጠላና ልሙጥ ስለሆነ ጀርም የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ጥቁሩ ግን የተገመደ ሐር ነው፤ ተማሪዎች የሚለማመዱበት ዓይነት። ግምዱ እንደ ኩራዝ ክር ይመጥጣል፤ የነካውን ሁሉ ይዞ ነው ወደ ሥጋ የሚገባው።» በመቆንጠጫ ጫፍ አጭር ቡናማ ጸጉር አንሥተው አሳዩዋት። «ይኼን ከመርፌው መንገድ ውስጥ ነው ያወጣሁት። የፍየል ጸጉር ነው።»

«መቼ የገባ ይመስልዎታል?»

«ቁስል መጀመሪያ ያብጣል፣ ይቀላል፤ ቆሻሻውን እየጠረገ ነው። በሦስተኛው ቀን ገደማ አዲስ ሥጋ መሥራት ይጀምራል። ጥቁሩ ክር ያን ጅምር ሥጋ ቀዶ አልፏል። ሦስተኛው ቀን ላይ ነው የገባው፤ ቢዘገይ አራተኛው። ሰውየው ደግሞ ስኳር ነበረበት፤ በትንሽ ጀርም ነው የሚመርዘው።»

«አላመመውም?»

«እንዴት አያመውም! እኔን የገረመኝም እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ስለ ቁስል ያስተማረ ሰው የገዛ ጀርባው ሲበሰብስ እንዴት አላወቀም?»

ሃፊዛ መልሱን ፍለጋ ሳንሱሲ ሄደች። የሟች ባለቤት ወይዘሮ ብርቅዬ ጥቁር ነጠላ ለብሰው፣ ለቀስተኞቹን ድንኳኑ ውስጥ ትተው ጓዳ አስገቧት።

«ጀርባው ነዋ» አሉ። «አያየውም።»

«እርስዎስ አላዩለትም?»

«‹አንቺ ሽንኩርትሽን ክተፊ፤ ቁስል የተማረ ሰው ነው የሚያየው› አለኝ። ሁለት ተማሪዎቹን አዘዘ። በጎዶሎ ቀን ኑሕ፣ በሙሉ ቀን ዱሬቲ። ፋሻውን ፈትተው ያዩትን ይነግሩታል፣ ደብተር ላይ ይጽፉታል፤ እሱ ማርክ ይሰጣቸዋል።»

«በራሱ ቁስል?»

«በራሱ ቁስል።»

ሃፊዛ ደብተሩን ገለጠች።

*ሁለተኛ ቀን። ቀላል እብጠትና መቅላት። ዱሬቲ።*

*ሦስተኛ ቀን። ጠርዙ ተገጣጥሟል። እብጠቱ ቀንሷል። ፈሳሽ የለም። ኑህ።*

*አራተኛ ቀን። መቅላቱ እየጠፋ ነው። ዱሬቲ።*

*አምስተኛ ቀን። አዲስ ሥጋ እየሠራ ነው። ፈሳሽ የለም። ኑሕ።*

እንዲህ እያለ ዐሥራ አንደኛው ቀን ድረስ ይሄዳል። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል የተቀደደ ወረቀት ቅሪት ይታያል። መምህሩ ለተማሪዎቹ የሚያድለው፣ ቁስል በየቀኑ እንዴት እንደሚድን የሚዘረዝር ሃንድአውት ከደብተሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሃፊዛ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግታ ቀን በቀን አስተያየቻቸው።

«ሦስተኛው ቀን ላይ እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ጓዳ። የውጭ በሩ ክፍት ስለሚውል ሳያንኳኳ የሚገባውን አላይም። እሱን ግን በግድግዳው ሰማሁት። አንድ ክር ላልቷል ተብሎ መሰለኝ ሊሰፉለት ነበር። ‹ማደንዘዣ አያስፈልገኝም፤ አትንቀጥቀጪ! ውጊውና ሳቢው!› ይላል።»

«አትንቀጥቀጪ? ለሴት ነዋ የሚያወራው።»

«ኑሕንም እንደዚያ ነው የሚለው» አሉ ወይዘሮ ብርቅዬ ዓይናቸውን ሰብረው። «ሊያዋርደው ሲፈልግ አንቺ እያለ ይጠራዋል። ሰው ፊት።»

የሟችን ስልክም አምጥተው ከፈቱላት። በስምንተኛው ቀን ከዱሬቲ የመጣ ፎቶ ቴሌግራሙ ላይ አለ፤ ንጹሕ ጀርባ፣ ስድስት ሰማያዊ ቋጠሮ። ከሥሩ «ቲቸር፣ ልክ እንደ መጽሐፉ ነው» ይላል። እሱም «ዐሥር ከዐሥር» ብሎ መልሶላታል።

ኑሕ ጣቢያ ታስሮ ነበር። ሦስተኛው ቀን የእሱ ተራ ነው፣ ፊርማው አለ፣ መምህሩ በፈተና ሁለት ጊዜ ጥሎታል፤ ለጣቢያው መርማሪ ይኼ በቂ ሆኖ ነበር። ልጁ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ዓይኑ ሥር አብጧል፤ ሃፊዛ ማን እንደመታው አልጠየቀችም፤ ታውቃለች።

«አልሄድኩም ብያቸዋለሁ» አለ። «የአጎቴ ለቅሶ ነበር፤ ቡታጅራ ነው የዋልኩት። ዱሬቲ ‹እኔ እገባልሃለሁ፣ እፈርምልሃለሁም› አለችኝ። ከቀረሁ ቲቸር ያባርረኛል።»

«እሷ ለጣቢያው በሰጠችው ቃል አልገባሁለትም ብላለች።»

«ነገሩኝ።»

«ለቅሶው ላይ ያየህ ሰው የለም?»

«ዘመዶቼ አሉ። ‹ዘመድ ለዘመዱ ይመሰክራል› አሉኝና ተዉት።»

«አምስተኛው ቀን ላይ ምን ጻፍክ?»

«የመጀመሪያውን ነው ወይስ ሁለተኛውን?»

«የተቀደደውን።»

«ጥቁር ስፌት አለ፣ ዙሪያው አብጧል፣ መግል ይዟል ብዬ ጻፍኩ። ሳነብለት ወረቀቱን ቀደደው። ‹የእኔ ቁስል አይመግልም፤ ማየት ያልተማርሽው አንቺ ነሽ› ብሎ በመርፌ መያዣው ጣቶቼን መታኝ። ዜሮ ሰጠኝ። በማግስቱ ዱሬቲ አይታ ‹ንጹሕ ነው› አለችው። እኔም ከዚያ ወዲህ ከሃንድአውቱ ነው የገለበጥኩት።»

«መግሉን እያየህ?»

«እያየሁ።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «አፍንጫዬን ይዤ።»

ሃፊዛ ቃሉን አስፈረመችው። ፊርማውን አየችና ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች።

መምህሩ ያስተምርበት የነበረው የጤና ኮሌጅ አስኮ መንገድ ላይ፣ ከብረት በር መሥሪያዎች በላይ ያለ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ዱሬቲ የመለማመጃ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት። ጠረጴዛው ላይ ተማሪዎች የሚሰፉት የፍየል ቆዳ ተወጥሯል፤ ከሥጋ ቤት የመጣ ነው፣ ገና ጸጉሩ አልተላጨም።

«ይኼ ቆዳ ስንት ቀን ይቆያል?»

«ሁለት ቀን። ከዚያ ይሸታል፤ ይጣላል።»

«መምህርሽን ትወጅው ነበር?»

«አስተምሮኛል» አለች ዱሬቲ።

«እስቲ የምታውቂውን ጻፊልኝ።»

ልጅቷ እስክሪብቶውን በሌባ ጣቷና በመሀል ጣቷ መካከል ሰክታ መጻፍ ጀመረች። አውራ ጣቷ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ቀረ። *ሦስተኛው ቀን የኑህ ተራ ስለነበር እኔ አልሄድኩም* ብላ ጻፈች።

«ጣትሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ድሮ ተወግቶ ነው።»

በማግስቱ ከሰዓት በፊት ሃፊዛ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ብርቅዬ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ኑሕ በሁለት ፖሊስ መሀል ቆመ። ዱሬቲ የተለመደው ወንበሯ ላይ ናት። ዶክተር ወዬሳ መስኮቱ ጋ ቆመዋል።

«ከደብተሩ ልጀምር» አለች ሃፊዛ። «ከሁለተኛው እስከ ዐሥራ አንደኛው ቀን ተጽፎበታል፤ አንዱም ቀን ከሃንድአውቱ ዝንፍ አላለም። ዶክተር፣ ስኳር ያለበት ሰው ቁስል በመጽሐፉ ቀን ይድናል?»

«በጭራሽ። ጅምሩ ቢመሳሰልም መዳኑ ይዘገያል።»

«ስለዚህ የጻፉት ያዩትን አይደለም። ኑሕ በፍርሃት እንደገለበጠ ነግሮኛል፤ የተቀደደው ገጽ ይመሰክርለታል። ዱሬቲን ግን የመታት የለም። ለምን ዋሸች?»

«ለእኔ ንጹሕ ነበር የመሰለኝ» አለች ዱሬቲ።

«በስምንተኛው ቀን ፎቶ ልከሻል። ስድስቱም ስፌት ሰማያዊ ነው። ጥቁሩ ግን ከገባ አምስት ቀን ሆኖታል። በሁለተኛው ቀን ያነሣሽውን ነው የላክሽለት። ማየት ያቃተው ሰው አሮጌ ፎቶ አይፈልግም።»

ዱሬቲ ቀጥ ያለ አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ሸፈነች።

«አሁን ወደ ሦስተኛው ቀን። ወይዘሮ ብርቅዬ ‹አትንቀጥቀጪ› ሲል ሰምተዋል። ሟቹ ኑሕንም አንቺ ስለሚለው ይኼ ብቻውን ማንንም አያድንም። ፊርማው ግን አለ።» ደብተሩን ገልጣ ዘረጋችው። «ኑሕ፣ ስምህን በየትኛው ሐ ነው የምትጽፈው?»

«በሐመሩ ሐ» አለ ልጁ ግራ ተጋብቶ። «አባቴ እንደዚያ ነው ያስተማሩኝ።»

«አምስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ዘጠነኛው፣ ዐሥራ አንደኛው ቀን ላይ በሐመሩ ሐ ነው። ጣቢያ የፈረምከውም እንዲሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ብቻ በሃሌታው ሀ ተጽፏል። ሰው ይደነግጣል፣ ይሳሳታል፤ የገዛ ስሙን ግን አይስትም። የኑሕን ስም በሃሌታው የጻፈ አንድ ሰው ነው ያገኘሁት።» የዱሬቲን ቃል አውጥታ ከደብተሩ ጎን አስቀመጠችው። «ክሩን መጀመሪያ በበሰበሰ የፍየል ቆዳ ውስጥ አሳለፍሽው። ጸጉሩ ተያያዘበት። አንዱን ስፌት በጥሰሽ ‹ላልቷል› አልሽው፤ እሱም ጀርባውን ሰጠሽ። ለምን እንደሆነ ኑሕ ይንገረን። ጣቷን ምን ሆነች?»

ኑሕ ወደ ዱሬቲ አየ። ‹ንገራቸው› በሚል አንገቷን በትንሹ ነቀነቀችለት።

«አምና እዚሁ ነው» አለ። «ክብ መርፌና ቆራጭ መርፌ ልዩነታቸው ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት። መለሰች። ‹በአፍ አይደለም፣ በሥጋ ነው የሚታወቅ› አለና እጇን ያዘ። ቆራጩን መርፌ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አስገብቶ በሌላ በኩል አወጣው። ሳይነቅለው ሩብ ሰዓት አስተማረበት። እኛ ማስታወሻ እንጽፍ ነበር።»

«ማስታወሻ?»

«ፈተና ላይ ያወጣዋል ብለን።»

ከታች የብረት መቁረጫ ይጮሃል።

«መገለ» አለች ዱሬቲ። «ጅማቱን በላው። ከእንግዲህ መርፌ መያዣ አልጨብጥም፤ ያቺን አንዷን ስፌት እንኳ መርፌውን በሁለት ጣቴ ይዤ ነው የወጋኋት፤ በቲዎሪ ብቻ ነው አንደኛ የምወጣው። ቅር ብሎኝ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ይልቅ ‹ከሁሉም ዓይንሽ ነው የሚታመነው› አለኝ።»

«በስድስተኛው ቀን እውነቱን ብትነግሪው ይድን ነበር» አሉ ዶክተር ወዬሳ።

«አውቃለሁ። የገደለው ስፌቱ አይደለም። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ላብ አጥምቆታል። ‹እርግጠኛ ነሽ፣ ልጄ?› አለኝ። ልጄ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ፈርቶ ነበር። እርግጠኛ ነኝ ስለው ‹ተባረኪ› ብሎ እጄን ሳመው።» ቀና ብላ ጣቱ የደረቀውን እጇን አነሣች። «ይኼኛውን እጄን።»

ፖሊሶቹ የኑሕን ካቴና ፈትተው ወደ እሷ ሄዱ። ልጅቷ ራሷ ተነሥታ ቀደመቻቸው። ኑሕ የተፈታ እጁን እያሻሸ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ጥቂት ቆመና ማንንም ሳይሰናበት ደረጃውን ወረደ።

ወይዘሮ ብርቅዬ ከወንበራቸው አልተነሡም።

«ቤት ላድርስዎት፣ እትዬ?» አለች ሃፊዛ።

«ሸሚዙን የማጥበው እኔ ነኝ» አሉ ሴትየዋ።

«ምን አሉኝ?»

«በሰባተኛው ቀን ሽታውን አወቅሁት። በየጠዋቱ በኦሞ ዘፍዝፌ አጥበው ነበር። መግል ምን እንደሆነ ለማወቅ ኮሌጅ አያስፈልግም፤ አራት ልጅ ወልጃለሁ፣ እናቴን ቀብሬያለሁ።»

ሃፊዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ቢነግሩትስ ይሰማዎት ነበር?»

«እሱማ አይሰማኝም። ወጥቼ ብጮህ ግን ጎረቤት ይሰማኝ ነበር። ተሸክመው ሐኪም ቤት ይወስዱት ነበር።» ነጠላቸውን ሰብስበው ሃፊዛን ቀጥ አድርገው አዩዋት። «አልጮህኩም። ሽንኩርቴን ከተፍኩ። ለዚህ አንቀጽ አላችሁ?»

ሃፊዛ ዓመታት ያጠናችውን ሕግ በልቧ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበት።

«እርስዎን የምይዝበት የለኝም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ሃፊዛ ተነሥታ እጇን ዘረጋችላቸው። ሴትየዋ እጇን ትተው ግድግዳውን ይዘው ተነሡና ለቀስተኛ ወደ ሞላው ቤታቸው ታክሲ ሊይዙ ወጡ።