በሸራ ሥር የከረመው ጄኔሬተር

ብዙዎቻችን ቤት «እንዳያልቅ» ተብሎ የተቀመጠ አንድ ዕቃ አይጠፋም። ገበሬው ጎረቤቴም ነበረው፤ ከትራክተሩ ጀርባ ተገጥሞ በትራክተሩ ሞተር የሚዞር አሮጌ ጄኔሬተር። ከአባቱ የወረሰው ስለሆነ ይሳሳለታል። ሸራ አልብሶ፣ በገመድ ጠፍሮ፣ ዶሮ እንኳ እንዳይሰፍርበት ይጠብቀው ነበር። እኛም «ዕቃ አያያዝ ከእሱ ተማሩ» እንል ነበር፤ ተሳስተናል።

አብራው የምትኖረው ታናሽ እህቱ ሳንባዋን ታማ፣ የምትተነፍሰው በኤሌክትሪክ በሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ በወር አንዴ እንኳ አስነሣው። የጭንቅ ቀን እምቢ ቢለንስ?» ትለዋለች።

«እህትዓለም፣ ዕቃን የሚገድለው መነካካት ነው። እሱ እንደኔ ነው፤ ካልነኩት ሰላም ነው።»

«አንተንስ ጠዋት ጠዋት የምቀሰቅስህ እኔ አይደለሁ?» ብላ ትስቃለች፤ ሳል እስኪያቋርጣት ድረስ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ነፋስ የመብራት ምሰሶውን ጣለው። ወንድሟ ሮጦ ሸራውን ገፈፈና ትራክተሩን አስነሣ። ጄኔሬተሩ ደህና ዞረ፤ የቮልት መለኪያው ቀስት ግን ከዜሮ ንቅንቅ አላለም። ፊውዙን አየ፤ አልተቃጠለም። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈተሸ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ ሞተሩን አስጓራ። ምንም የለም።

«አይዞሽ፣ አሁን ይመጣል!» አለ በመስኮት።

«ተወው ጋሼ» አለች ትንፋሽ እያጠራት፣ ቃሏን እየቆራረጠች። «ና... አጠገቤ ተቀመጥ።»

«መጣሁ» አለና ወደ ብሎኖቹ ተመለሰ።

መኪና ለምነን ስንጭናት እጁ በግሪስ እንደጠቆረ ራሷን ደግፎ ያዘ። ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፈች።

ከቀብሯ በኋላ፣ ምሰሶው ገና ሳይነሣ፣ ጄኔሬተሩን የሚያይ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

«አልተበላሸም» አለ ሰውዬው። «ብረቱ ውስጥ ትንሽ የማግኔት ኃይል ትቀራለች፤ ኤሌክትሪኩ የሚጀምረው ከእሷ ነው። ለዓመታት ሳይሠራ ሲቀመጥ ጠፋች።» ከዚያ ትራክተሩን አስነሥቶ፣ ከባትሪው ሁለት ሽቦ ስቦ የጄኔሬተሩን የሽቦ ጥቅልል ለቅጽበት ነካ አደረገው። ቀስቱ ተነሣ።

ወዲያው ከሟቿ ክፍል እፍ የሚል ድምፅ ሰማን። የኦክስጅን መሣሪያዋን ያጠፋው ሰው አልነበረም።

«ባትሪው እኮ እዚሁ ነበር» አለ ወንድሟ። ገብቶ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጠና አለቀሰ። መሣሪያውን ለማጥፋት የደፈረ የለም።

ወገኖቼ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጣችሁትን በደህናው ቀን ፈትሹት፤ መሸፈን መጠበቅ አይደለም። ጎረቤቴ ዛሬ በየወሩ ጄኔሬተሩን ያስነሣል። ባለፈው አንድ መንገደኛ፣ መብራት እያለ ለምን እንደሚያስጮኸው ገርሞት፣ «ደህናውን ዕቃ ምነው ባትነካካው?» አለው።

«እኔም እንዲሁ ነበር ያልኳት» አለና ፊቱን አዞረ።