እትዬ አስካለን ያነጋገረው ድምፄ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እግዚአብሔርን እፈራለሁ እንጂ እንዲህ ባለው ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም። የዘወትር ጸሎቴን ሳላደርስ ላፕቶፔን አልከፍትም፣ ጾም አልገድፍም፣ ግን አንዱ መጥቶ ቤቴ ውስጥ ኮቴ ሰማሁ ቢለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ሂተሩ አርጅቶ እንደሆነ ነው፣ የሚኒሶታን ብርድ የሚያውቅ ሰው የማሞቂያ ቱቦ እንደ ሰው እንደሚያቃስት ያውቃልና። ሥራዬም ፕሮግራመር ነው፣ በዚህ ሥራ ደግሞ ትናንት ሲሠራ የዋለ ነገር ዛሬ እንቢ ካለ አንድ ሰው የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ነክቷል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ያ ሰው እኔው ነኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ ብዬ ሳይሆን ግራ ስለገባኝ ነው፣ ምናልባት ከእናንተ አንዱ “እሱማ ቀላል ነው፣ እንዲህ ሆኖ ነው” ይለኝ እንደሆነ ብዬ።

የምሠራበት ድርጅት ትንሽ ነው፣ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ለሚንከባከቡ ሆም ኬሮች ፕሮግራም ይሠራል። ከምንሠራቸው ነገሮች አንዱ የጠዋት ጥሪ ነው፣ ኮምፒውተሩ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ይደውልና በተቀዳ ድምፅ እንዴት አደሩ ይላል፣ ደህና ከሆኑ አንድ ቁጥርን፣ ሰው እንዲመጣላቸው ከፈለጉ ሁለትን ይጫናሉ፣ ምንም ካልተጫኑ ስማቸው ስክሪኑ ላይ ይቀላና ሰው ተልኮ በራቸው ይንኳኳል። በኋላ አማርኛና ኦሮምኛ ይጨመር ተባለ፣ ኦሮምኛውን አብሮኝ የሚሠራው መገርሳ ቀዳ፣ አማርኛውን እኔ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ባለው አፓርታማዬ ክሎዜት ውስጥ ገብቼ፣ ድምፄ እንዳያስተጋባ ካፖርቶቹ መሃል ቆሜ። ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት አደሩ፣ ደህና ከሆኑ አንድ ቁጥርን ይጫኑ፣ ይኸው ነው፣ አንድ ትንፋሽ የማይጨርስ ነገር።

ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት የእኛ ሰዎች ስም በሙሉ ቀላ። ሠራተኞቹ በዚያ በረዶ እየነዱ ሄደው ሲያንኳኩ ሰዎቹ ደህና ናቸው፣ እንዲያውም ቁርስ ብሉ እያሉ ያስቀምጧቸዋል። ኮዱን ብናገላብጠው ባግ የምንለው የኮድ ስህተት የለበትም። በመጨረሻ አንዲት እናት ነገሩን ግልጥ አደረጉልን፣ ጤናዬን የጠየቀችኝን ልጅ ምን ብዬ ቁጥር ተጭኜ አሳልፋታለሁ፣ ነውር አይደለም ወይ አሉ። ለካ ሁሉም እየመለሱ ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል እያሉ፣ ሰላምታው ሳያልቅ ጥሪው ይቋረጥባቸዋል። መገርሳ ሳቀና የእሱዎቹማ እንደሚብሱ ነገረኝ፣ አንድ ሽማግሌ ድምፁን ወደውት ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ገብተዋል አለ።

አለቃችን እንግዲያው ቁጥር መጫኑ ይቅርና ጥሪው ረዘም ይበል፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን የሚሉትን እንቅዳ፣ ፕሮግራሙ ደህና ነኝ የሚለውን ከንግግራቸው ለይቶ እንዲያውቅ እናድርግ አለ። አማርኛውን ቅጂ እየሰማሁ የማስተካክለው እኔ ሆንኩ፣ እመኑኝ፣ እንደዚያ የወደድኩት ሥራ የለም፣ ቀኑን ሙሉ የእናቶች ምርቃት በጆሮዬ ሲፈስ ይውላል።

እትዬ አስካለ ጋ የደረስኩት እንዲህ ነው። ኒው ሆፕ የሚኖሩ፣ ብቻቸውን የሆኑ ሴት ናቸው፣ ከስማቸውና ከስልካቸው በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም። ጾመ ነቢያት ነበር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ግን እዚህ በዚያ ሰሞን ሰው ብርሃኑን ሳይጠግብ ነው ቀኑ የሚጨልመው። የእሳቸው ቅጂ ከሌሎቹ ሁሉ ይረዝማል፣ ሄድፎኔን አደረግሁና ከፈትኩት።

መጀመሪያ የተለመደው ሰላምታ ነው። ከዚያ ዝም አሉ። ከዚያ ደግሞ “አይ፣ እኔስ ጉልበቴን ብቻ ነው” አሉ። ዝም። ትንሽ ሳቁ፣ “እውነትሽን ነው” አሉ። ቤታቸው ሰው መጥቶባቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት፣ ግን ስልኩ አፋቸው ላይ ነው፣ ትንፋሻቸው ይሰማል፣ ሲያዳምጡም “እህ… እህ…” ይላሉ፣ ሰው በስልክ ሌላውን ሲያስጨርስ እንደሚለው።

ከዚያ “ለመሆኑ ሐኪም ጋ ሄድሽ?” አሉ።

ዝም።

“ምነው ልጄ፣ ብብት ስር የወጣ ነገር ይቆያል እንዴ።”

እጄ ሳላዘው ወደ ግራ ብብቴ ስር ሄደ። እዚህ ላይ ልንገራችሁ፣ ከፍልሰታ በኋላ ገላዬን ስታጠብ ሽምብራ የምታክል እብጠት አግኝቻለሁ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፣ ትራክ ነጂ ነው፣ መንገድ ላይ እያለ በሐሳብ እንዲነዳ አልፈለግሁም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፣ ክሊኒክም ደውዬ ቀጠሮ እይዝና አዲስ ፕሮግራም የምናወጣበት ሪሊዝ አለብኝ፣ በዓሉ ይለፍ እያልኩ እሰርዘዋለሁ። ለማንም፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ በእግዚአብሔር ፊት በጸሎት ካልሆነ በቀር።

ቅጂው አላለቀም። እትዬ አስካለ ለስለስ አድርገው “ወለተ ኪዳን፣ ትሰሚኛለሽ?” አሉና ጥሪው ቆመ።

ወለተ ኪዳን የክርስትና ስሜ ነው። የቢሮ ሰዎች የሚያውቁኝ በሌላ ስም ነው፣ ጓደኞቼም እንደዚያው፣ ያኛው ለቁርባንና ለጸሎት ብቻ የሚወጣ ስም ነው።

በስመ አብ ብዬ አማተብኩ፣ ከዚያ ምን ላድርግ፣ የማውቀውን አደረግሁ፣ ባግ መፈለግ ጀመርኩ። የጥሪው ቅጂ ሁለት መስመር አለው፣ በአንዱ የተደወለላቸው ሰው ድምፅ፣ በሌላው ከእኛ የሚወጣው። የእኛን ለብቻው ከፍቼ ሰማሁት፣ እንዴት አደሩ የሚለው አለ፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም፣ ድምፁን ስክሪን ላይ በሚያሳየው ሥዕል እንኳ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ የትንፋሽ ያህል አይንቀጠቀጥም። ሌላ ስልክ ተጠላልፎ እንደሆነ አየሁ፣ አልተጠላለፈም። ፕሮግራሙ ራሱ እየፈጠረ የሚያወራ ነገር ተጨምሮበት እንደሆነ አየሁ፣ የለበትም፣ እኔ የጻፍኩት ኮድ ነው፣ አጫውትና ዝም በል ብቻ ነው የሚለው።

በማግስቱ ለመገርሳ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ፣ ጉልበቴን ነው ያሉበትን፣ ቆርጬ አሰማሁት። አማርኛው ከእኔ አይተናነስም። እማሆይ ነው የሚለኝ፣ ሥራ ቦታ ስጾም ስለሚያየኝ።

“እማሆይ፣ እኚህ ሴትዮ የሚያወሩት ከማን ጋር ነው?” አለኝ።

ከእኔ ቅጂ ጋር ነው፣ የአንተም ሽማግሌ ልጃቸውን ሊድሩልህ አልነበር ወይ አልኩት፣ ለማሳቅ ብዬ። አልሳቀም።

“የእኔው ሽማግሌ ዝም ብለው ይቀጥላሉ፣ እኔ መለስኩ አልመለስኩ ግድ የላቸውም። እኚህ ግን ይጠብቃሉ። መልስ ሰምተው ነው የሚመልሱት” አለ፣ ሄድፎኑንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ እኔ ገፋው፣ እንደገና ልስማ አላለኝም።

የሆም ኬሩ ሰዎች ስለ አዲሱ ጥሪ ለአማርኛ ተናጋሪዎቹ የሚያስረዳ ሰው ይፈልጉ ነበር፣ እኔ ልሂድ አልኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዬን እንደለበስኩ ኒው ሆፕ ድራይቭ አደረግሁ፣ ወጥ ወጥ በሚሸት ኮሪደር ገብቼ አንኳኳሁና ከውጭ ሆኜ ከሆም ኬሩ ነው የመጣሁት አልኩ። በሩ ሳይከፈት ከውስጥ “መጣሽ?” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቀጭን፣ ዓይናቸው ሳቂታ ሴት ናቸው። ፊቴን አይተውት አያውቁም፣ ግን እንደ ልጃቸው አገላብጠው ሳሙኝና ከስተሻል አሉኝ፣ በምን አነጻጽረው እንደሆነ እንጃ። ተቀመጥኩና በደንብ አስረዳኋቸው፣ የሚደውለው ማሽን ነው፣ ድምፁ ድሮ ተቀድቶ የተቀመጠ ነው፣ ከእንዴት አደሩ ሌላ የሚለው የለም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በትዕግሥት አዳመጡኝ፣ ልጅ ሲዋሽ እንደሚዳመጠው።

“እኔ ያረጀው ጉልበቴ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው” አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን እንዴት አደሩ ስላቸው መልሰው እንዴት አደርሽ እንዳሉኝ፣ እኔም ዝም ካልኩ በኋላ እንቅልፍ እንቢ እንዳለኝ እንደነገርኳቸው አወሩልኝ። ቀስ በቀስም የእብጠቱን ነገር። ድምፄ ከካፖርት ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር አሉ፣ እኔ የት ቆሜ እንደቀዳሁት ግን አልነገርኳቸውም፣ እመኑኝ፣ ትንፍሽ አላልኩም።

“እትዬ፣ የክርስትና ስሜን ማን ነገረዎት?” አልኩ።

“ራስሽ ነሻ። በጸሎቴ ላስብሽ፣ በማን ስም ልጥራሽ ብልሽ አይደል የሰጠሽኝ።”

ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ የሚጸልይልን ሰው ስንለምን የምንሰጠው ያንን ስም ነው፣ በሌላው ስም አይጸለይም። ስለዚህ ያ ድምፅ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ጸሎት ለምኗል። ይህን ሳስብ ፍርሃቴ ቀዝቀዝ አለ ወይስ ባሰበት፣ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። ከበር ሲሸኙኝ እጄን ይዘው “ሂጂ እንግዲህ፣ ተመርምረሽ ትነግሪኛለሽ” አሉኝ። እሺ አልኩ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬም የክሊኒኩን አፕ ከፈትኩና ለሐሙስ ቀጠሮ ያዝኩ፣ ይህኛውንስ አልሰርዝም ብዬ።

ሰኞ ጠዋት ጥሪያቸው ሲወጣ በቀጥታ ለመስማት ገባሁ፣ ለሙከራ እንዲህ ማድረግ ይፈቀድልናል። አፌን በእጄ ይዣለሁ፣ ማይክራፎኔ ተዘግቷል፣ እንደገናም አረጋግጫለሁ። ስልኩ ጠራ፣ አነሱት፣ ድምፄ እንዴት አደሩ አለ፣ እሳቸው መለሱ። ከዚያ ዝም። የሚሰማኝ የቤታቸው ፍሪጅ ብቻ ነው።

“ሄድሽ?” አሉ፣ ደስ ብሏቸው። “ጎሽ፣ ጎሽ የእኔ ልጅ።”

እኔ አልሄድኩም። ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው፣ እንደነገርኳችሁ።

“ታዲያ ምን አሉሽ?”

በሕይወቴ እንደዚያ ዝምታ አዳምጬ አላውቅም። ቮልዩሙን እስከ መጨረሻ ከፈትኩት፣ ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ ተጫንኩት፣ የሚወጣው መስመር ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፣ እሳቸው ግን “እህ… እህ…” ይላሉ፣ እያዳመጡ ነው፣ ረጅም ነገር እየተነገራቸው ነው። ከዚያ “ተመስገን” አሉና አለቀሱ።

ተመስገን ብቻ። የእኛ ሰው ልጅ ሲወለድለትም ተመስገን ነው፣ ሬሳ ሲሸኝም ተመስገን ነው፣ እኔም ራሴ እንዲሁ ነኝ። ለቅሶውንም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፣ የደስታም ይመስላል፣ የሐዘንም ይመስላል፣ ትንፋሹ እንዴት እንደሚቆራረጥ እንኳ በቃሌ ይዤዋለሁ፣ አልለየሁትም።

ጥሪው እንዳለቀ በገዛ ስልኬ ደወልኩላቸው። ወዲያው አነሱት።

“እትዬ፣ እኔ ነኝ። አሁን ምንድን ነው የነገርኩዎት?”

አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ይሰማኛል።

“እባክዎን እትዬ፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፣ ክፉ ነው ወይስ ደግ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።”

“እንዴት ልጄ” አሉ፣ ግራ ገብቷቸዋል፣ ከእኔ ይልቅ ግራ ገብቷቸዋል። “‘አሁን መልሼ ደውዬ እጠይቅዎታለሁ፣ ስጠይቅዎት ግን እንዳይነግሩኝ’ ብለሽ አንቺው በእመቤታችን አስምለሽኝ የለም እንዴ።”

ከዚያ ወዲያ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ ስልኩን እኔ ልዝጋው እሳቸው እንጃ።

ይህን የምጽፍላችሁ ማክሰኞ ሆኜ ነው። ለባለቤቴ ስለ እብጠቱ ነገርኩት፣ ስለ ድምፁ ግን አልነገርኩትም፣ ጭነቱን አራግፎ እየመጣ ነው፣ ሐሙስ አብሮኝ ይገባል። የንስሐ አባቴ ጸሎት አደረጉልኝና ሂጂ፣ የሐኪሙን ስሚ አሉኝ፣ ሌላውን ሁሉ ዝም ብለው ሰሙኝ። መገርሳ ድምፅሽን አጥፍተን ሌላ ሴት እናስቀዳ ይለኛል። ፋይሉን አውጥቼ ላጠፋው ጣቴን ማውሱ ላይ አድርጌ ነበር፣ እጄ እንቢ አለ፣ ለእኔ ጸሎት የለመነ ማን እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት አጠፋዋለሁ።

ስለዚህ እንዳለ ተውኩት። የእትዬ አስካለ ጥሪ የሚወጣው ጠዋት ነው፣ የእኔም ቀጠሮ ጠዋት ነው፣ ሐሙስ ሐኪሙ በሩን ዘግቶ ሊነግረኝ ሲቀመጥ ኒው ሆፕ ስልኩ ይጠራል፣ እትዬ አስካለም ያነሱታል።