ሽማግሌው በቃው

መምህርቷ አባቷን ሞቶ ያገኘችው ከሥራ ስትመለስ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ስታየው እንቅልፍ የጣለው መስሏት «አባባ» ብላ ማጅራቱን ዳበሰችው። እጇ ረጥቦ ተመለሰ። የካሜራው ባለሦስት እግር መቆሚያ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ አንዱ እግሩ ደም ነክቶታል።

ጩኸቷን ሰምቶ ከፊት ለፊት ክፍል ሮጦ የደረሰው ተከራያቸው ልብስ ሰፊው ነበር። ፖሊስ የጠራውም እሱ ነው። እሷ ለታናሽ ወንድሟ ልትደውል፣ ስታስተምር ዘግታው የዋለችውን ስልክ ከፈተች። ከራሱ ከወንድሟ የመጣ መልእክት ጠበቃት፦

«ሽማግሌው በቃው፤ ዛሬ ሞተ። ለማንም እንዳትናገሪ። ማታ መጥቼ አስረዳሻለሁ።»

ወንድሟ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ብሎን መፍቻ ከእጁ ስለማይለይ ሰፈሩ ሁሉ ካቻቢቴ ይለዋል። አባቱን ደግሞ በሌለበት «ሽማግሌው» ብሎ መጥራት ከልጅነቱ የለመደው ነገር ነው። ሽማግሌው ዛሬ ፊቱን አጥቁሯል፣ ሽማግሌው ዛሬ ደስ ብሎታል እያለ ሲያስቃት ነው ያደጉት። ባለፈው ሳምንት ግን አባትና ልጅ ክፉ ቃል ተለዋውጠው ነበር። አባት ልጁን «ቆሻሻ ለቃሚ» ብሎት፣ ልጅ በሩን በርግዶ ወጥቶ ነበር።

እናታቸው ስትሞት «ታናሽሽን አደራ» ብላታለች። አደራ ደግሞ ከሰማይ ይርቃል፣ ከምድር ይከብዳል። መቼ እንደተላከ እንኳ ልብ ሳትል፣ መልእክቱን አጠፋችው።

መርማሪዋ አጠር፣ ጠና ያለች ሴት ናት። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ሰው ሲያናግራት አፉን ትታ እጁን ነው የምታየው። መምህርቷ እጆቿን ወዴት ታድርጋቸው? ከነጠላዋ ስር ደበቀቻቸው።

መርማሪዋ ጠረጴዛው ስር ጎንበስ ብላ፣ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቦታ አየች። እዚያ ምን ነበር ብላ ጠየቀች። የአባባ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር አለቻት። ፎቶ አንሺ ነበርና የዕድሜውን ሥራ ሁሉ እዚያ ነው ያስቀመጠው። አሁን የለም። አዲሱ ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ፣ ሦስቱ ካሜራዎችም መደርደሪያው ላይ እንዳሉ ናቸው።

«ሥጋውን ትቶ አጥንቱን የሚወስድ የምን ሌባ ነው?» አለች መርማሪዋ፣ ለራሷ ያህል።

ልብስ ሰፊው ክፍሉን እንዲለቅ ተነግሮት ስለነበር፣ ተጠርጣሪ መሆኑ ገብቶት እየተንተባተበ ነው የተናገረው። ሟች እኩለ ቀን ላይ በሕይወት ነበር፤ የኮቱን ቁልፍ እንዲተክልለት ሰጥቶታል። ከዚያ ወደ መርማሪዋ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ሌላ ነገር ጨመረ። መምህርቷ አልሰማችውም። ስለ ወንድሜ ነው ብላ ግን አሰበች።

ቀጥሎ የመጣው የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሕንፃ ሥራ ተቋራጩ አጎቷ። ባለፈው ወር የሚያሠራው ፎቅ ተደርምሶ ሁለት ሠራተኞች ሞተውበታል፤ አፈሩ ከድቶኝ ነው እያለ ከምርመራ ወደ ምርመራ የሚመላለስ ሰው ነው። አቅፏት አለቀሰ። አንዱ ፖሊስ ኮምፒውተሩ መሰረቁን ሲነግረው ደግሞ ራሱን ይዞ፣

«አይ ወንድሜ! የዕድሜ ልክ ልፋትህን ውሃ በላው!» አለ።

መርማሪዋ መነጽሯን አደረገች፣ መልሳም አወለቀች።

ካቻቢቴ በመጨረሻ ደረሰ። ከጃኬቱ ኪስ ጥቁር ሳጥን ብቅ ብሏል፤ ገመዱ ተንጠልጥሏል። መርማሪዋ ወደ ጓዳ ወስዳው ብዙ ቆዩ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል፤ እህቱን ቀና ብሎ አላያትም። ተናዘዘ ማለት ነው አለች መምህርቷ በልቧ። እንዳላሰሩት ስታይ ደግሞ ባሰባት። ያን ሌሊት አንድ ጣሪያ ስር አደሩ፤ እሷ የመኝታ ቤቷን በር ቆልፋ። ከማን? በጀርባዋ አዝላ ካሳደገችው ልጅ!

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ አራቱንም ሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጥቁሩን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ አንዱን ገመድ ሶኬት ላይ፣ ሌላውን ላፕቶፑ ላይ ሰካች። ትንሽ አረንጓዴ መብራት በራ፤ ውስጡ የሆነ ነገር መሽከርከር ጀመረ።

«ትናንት እዚህ ቤት ሁለት ሽማግሌ ሞቷል» አለች። «አንደኛው ጠዋት ነው የሞተው። ንገራቸው።»

ካቻቢቴ ሳጥኑን እያየ ጀመረ።

«እኛ ጥገና ቤት አሮጌ ኮምፒውተር ሁሉ ሽማግሌ ነው። አባባ በእግሩ ሊንሸራሸር ሲወጣ የእሱን ብከፍተው አልነሳ አለ፤ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል። ፎቶዎቹ ያሉበት ዲስክ ግን ደህና ነበር። ነቅዬ ወስጄ እዚህ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፣ እንደ ፍላሽ ላፕቶፑ ላይ እየሰካ ፎቶዎቹን እንዲያይበት። እስከዚያው እንዳይደነግጥ ብዬ ባዶ ቀፎውን ቦታው አቆምኩት። ባለፈው ላስቀየምኩት መካሻ ነበር።»

«እንግዲህ» አለች መርማሪዋ፣ «ገዳዩ ካሜራና ላፕቶፕ ትቶ የሞተ ኮምፒውተር ተሸክሞ ሄደ። የፈለገው ፎቶዎቹን ማጥፋት ነው። ግን የወሰደው ባዶ ቀፎ ነው። ባዶ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አይደክምበትም። ዲስኩን ያወጣው ልጁ ራሱ ነው። ልብስ ሰፊውስ? ቀፎው የተፈታው በእሱ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በዓይኑ አይቷል፤ ትናንት በሹክሹክታ የነገረኝም ይህንኑ ነው። እህቱ ደግሞ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ቆማ ነው የዋለችው።»

አጎትየው ፈገግ አለ። «የማያውቅ ሰውማ ከተማው ሙሉ ነው።»

«ነው። ግን ሰው ሁሉ ሌባ ወሰደው ሲል፣ ውሃ በላው ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«አነጋገር እኮ ነው! በአነጋገር ሰው ይታሰራል?»

«አይታሰርም። የት እንደምፈልግ ግን ይጠቁመኛል።»

በሩ ተከፈተና አንድ ፖሊስ ውሃ የሚያንጠባጥብ ቀፎ ይዞ ገባ። አጎትየው በሚያሠራው ሌላ ሕንፃ፣ ዝናብ ከሞላው የመሠረት ጉድጓድ ነው የወጣው። የጎን ክዳኑን የያዘው አንድ ብሎን ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው የቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮውን ዘረገፈ፤ ከቁልፎቹ መሐል ካቻቢቴ ቸኩሎ የረሳቸው ሦስት ብሎኖች ወጡ። መርማሪዋ አንዱን ቀፎው ላይ ገጥማ አሳየች።

ከዚያ ላፕቶፑን ወደ አጎትየው አዞረችው። የተደረመሰው ፎቅ ኮንክሪት ሳይሞላበት የተነሳ ፎቶ ነው፤ ምሰሶዎቹ ውስጥ ያለው ብረት እንደ ሽቦ ቀጥኗል። ሥራውን በየደረጃው ፎቶ እንዲያነሳለት ወንድሙን የጠየቀው ራሱ አጎትየው ነበር።

አጎትየው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ራስህ ሄደህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ ፎቶዎቹን ለፖሊስ እሰጣለሁ አለኝ። ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ጀርባውን ሰጠኝ።»

ሲወስዱት መርማሪዋ መምህርቷ አጠገብ ቆም አለች። «ወንድምሽ የላከልሽን ከእሱ ስልክ አንብቤዋለሁ» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በጠዋት የተላከ ነው፤ አባትሽ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ በሕይወት ነበር። ልታድኚው ብለሽ ያጠፋሽው፣ የሚያድነውን ነው።» ከዚያ ወጣች።

እህትና ወንድም ብቻቸውን ቀሩ። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ይሽከረከራል።

«ማታ ቁልፉን ስታዞሪው ሰምቻለሁ» አላት።

«ፈርቼህ ነበር።»

«መልእክቱን ግን ለፖሊስ አላሳየሽም።»

«አላሳየሁም።»

«አባባን የገደልኩ መስሎሽ?»

ራሷን ነቅንቃ አዎ አለችው። ካቻቢቴ አባቱ ከሞተ ወዲህ አንድ ጊዜም አላለቀሰም ነበር። አሁን የእህቱን እጅ ይዞ አለቀሰ።