የእኔ እስከዚህ ድረስ ነው

«አትንቀሳቀሺ! በሽተኛ ዝም ነው የሚለው።»

«ዝም የሚለውማ የሞተው ነው፣ እታለም።»

ታላቅ እህቷ ሳቋ አመለጣትና የደም ግፊት መለኪያውን ከሚጣ ክንድ ላይ ፈታችው። እሁድ ነው፤ እናታቸው ሥራ ገብታለች። እታለም ሥራ በማትገባበት ቀን ታናሽ እህቷን አልጋው ጫፍ ላይ ታስቀምጥና ትለማመድባታለች። ክሊኒክ ውስጥ የሕክምና ረዳት ሆና ከተቀጠረች ገና ዓመት አልሞላትም።

«እሺ፣ ስንት ሆነ? ጤነኛ ነኝ?»

«ቁጥሩን ልንገርሽ። ጤነኛ መሆን አለመሆንሽን ነርሷ ትነግርሻለች። የእኔ እስከዚህ ድረስ ነው።»

ይህችን ነገር በቀን ለስንት በሽተኛ እንደምትላት እንጃ፣ ቤትም መጥታ አፏ ላይ ቀርታለች። ሚጣን ደግሞ የምታናድዳት ይህችው «እስከዚህ» ናት። እንደዚያ ጎበዝ ሆና ምን ማለት ነው እስከዚህ?

በሩ ተንኳኳ።

ሚጣ ስትከፍት የሳቂታ እናት ቆመዋል። ጎረቤታቸው ናቸው፣ ልብስ ሰፊ። ከችኮላቸው ብዛት የልብስ መለኪያ ሜትሩን እንኳ ከአንገታቸው ላይ አላወረዱትም። ትንሹ ልጃቸው ድንቡሼ ጀርባቸው ላይ ራሱን ጥሏል፤ ጉንጩ ቲማቲም መስሏል። ከኋላቸው የሚጣ የክፍል ጓደኛ ሳቂታ ትንሽ ፌስታል ይዛ ቆማለች። ሳቂታ የተባለችው ጥርሷ ስለማይከደን ነው፤ ዛሬ ግን ተከድኗል።

«ነርሷ አለች?» አሉ እናቷ።

ሚጣ በሩን መልሳ ልትዘጋው ቃጣት።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ልጆቼ። ትምህርት የተከፈተ ሰሞን ክፍል ውስጥ ስለ ቤተሰብ ሲወራ፣ የአንዱ አባት መሐንዲስ ሆነ፣ የአንዷ አክስት ጠበቃ ሆነች። ሚጣም ተራዋ ደርሶ «እህቴ ረዳት ናት» ስትል ከኋላ ወንበር አንዱ ቀልደኛ «የታክሲ ነው የሐኪም?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈነዳው። ሚጣ ፊቷ ጋለ። «ነበረች! አሁን ነርስ ሆናለች!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲያማ ማን ያቁማት። ሳምንት ሳይሞላ ለሳቂታ «እህቴ መርፌ ስትወጋ ሕፃን ልጅ ከእንቅልፉ አይነቃም» እስከማለት ደረሰች።

እታለም እጇን በፎጣ እየጠረገች መጣች። «ምነው እትዬ? ድንቡሼን ምን ነካብኝ?»

«ደረቱን አሞት በየቀኑ መርፌ ታዝዞለት የለ? ስፌት ቤቴ አጠገብ ያለው ክሊኒክ ነው ሲወጋ የሰነበተው። ዛሬ ዝግ ስለሆነ ሆስፒታል ውሰጂው አሉኝ። ሆስፒታሉ ደግሞ ዳገቱን አልፎ ነው፣ የት እንዳለ ታውቂዋለሽ። ነገ በጠዋት የማስረክበው የተማሪ ልብስ እንደ ተራራ ተከምሮብኛል። ይኸው መድኃኒቱ፣ ይኸው መርፌው። አንቺ እያለሽ ምን ዳገት አስወጣኝ?»

እታለም ድንቡሼን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። የሙቀት መለኪያውን ብብቱ ስር ሸጎጠች፣ ደረቱ ሲነሳና ሲወድቅ አየች። ከዚያ ሳቂታ የዘረጋችውን ፌስታል ተመለከተች። ሚጣ የእህቷ እጅ ወደ ፌስታሉ ትንሽ ሄዶ መንገድ ላይ ሲቆም አየችው።

«ትኩሳት አለው፤ መርፌው ዛሬ እንዳያልፈው። ግን እኔ አልወጋም፣ እትዬ። የእኔ ሥራ መለካት፣ ዕቃ ማዘጋጀት፣ ሰው ማስገባት ነው። ነርስ አይደለሁም።»

ሴትዮዋ የትሕትና ነገር መስሏቸው ፈገግ አሉ። «ተይ እንጂ! ሚጣ ነግራን የለም እንዴ? ሕፃን ከእንቅልፉ ሳይነቃ ነው የምትወጋው ብላ!»

እታለም ዞራ ሚጣን አየቻት። አልተቆጣችም፣ አየቻት ብቻ። ብትቆጣት ይሻል ነበር። ሚጣ ወለሉን ታይ ጀመር።

«ሚጣ ያለችው ልክ አይደለም» አለች እታለም ቀስ ብላ።

«ጭራሽ እህትሽን ውሸታም ልታደርጊያት ነው?» የሴትዮዋ ፈገግታ ጠፋ። «በቃ አልፈልግም በይ! ለባዕድ ሲሆን ትወጊያለሽ፣ ለጎረቤት ሲሆን ነርስ አይደለሁም! በቁመትሽ ልክ ስንት ልብስ የሰፋሁልሽ ልጅ!»

«እትዬ፣ በሞቴ እንደሱ አይደለም። ሆስፒታል እንውሰደው፤ እኔ አዝልልዎታለሁ።»

«ተዪው፣ አትድከሚ። ከገበያው ጀርባ ያለው ሰውዬ እንዳንቺ አይኮራም።»

ያንን ሰውዬ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በአንድ እጁ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ሰው ይወጋል። የት ተምረህ ነው ብሎ የጠየቀው የለም።

ሴትዮዋ ድንቡሼን መልሰው አዘሉትና ወጡ። ሳቂታ ደፉ ላይ ዞር ብላ «ሼም ነው፣ ሚጣ» አለችና ተከተለቻቸው።

እታለም ጫማዋን ፍለጋ አልጋው ስር ጎነበሰች። ሚጣ ግን የራሷን ጥፋት ትታ እህቷ ላይ ፈነዳች።

«ግን እኮ ትችዪዋለሽ! ነርሷ ስትወጋ ስታዪ ነው የምትውዪው!»

«እጄ ይችል ይሆናል።» እታለም ቀና አለች። «ወጋሁት እንበል። ድንገት ፊቱ ቢያብጥስ? ትንፋሽ ቢያጥረውስ? ክሊኒክ ውስጥ ለዚያ የተቀመጠ መድኃኒት አለ፣ ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚያውቅ ሰው አለ። እዚህ ምን አለ? እኔና አንቺ አጠገቡ ቆመን ስንጮህ ነው።»

«ትናንት እኮ ምንም አልሆነም።»

«ዛሬስ? እኔ አላውቅም፣ ሚጣ። ስለማላውቅ ነው የማልነካው።»

«እና ሩጪና ይህንኑ ንገሪያቸዋ!»

«ነገርኳቸው እኮ» አለች እታለም። «ያመኑት አንቺን ነው።»

ሚጣ ይህን ስትሰማ ጫማ ለማድረግ እንኳ አልቆመችም። በነጠላ ጫማዋ ወጣች። ጎሚስታውን አለፈች፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ በዱቄት የነጣ ሰው ገጭታ «ይቅርታ!» እያለች ቁልቁል በረረች። አንዱ ነጠላ ጫማዋ ተበጠሰባት፤ በእጇ አንጠልጥላው ሮጠች።

ከገበያው ጀርባ መጋረጃ የተጋረደበት ክፍል አለ። ስትገባ ድንቡሼ አግዳሚው ላይ በሆዱ ተኝቷል፣ ሱሪው ዝቅ ብሏል። ሰውዬው ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ፌስታሉን ይፈታል።

«አይወጋ!» አለች ሚጣ። ትንፋሿ ተቆራረጠ። «እትዬ... አይወጋ። ዋሽቻለሁ።»

ሳቂታ አፍጥጣ አየቻት።

«እህቴ ነርስ አይደለችም። ሆናም አታውቅም። ከእንቅልፉ አይነቃም ያልኩት ከራሴ ፈጥሬ ነው። መርፌ ወግታ አታውቅም። ኮርታ አይደለም እምቢ ያለችው።»

«ልጅት፣ ሥራ አታስፈቺኝ» አለ ሰውዬው።

ሚጣ ወደ እሱ ዞረች። «ፊቱ ቢያብጥ ምን ይሰጡታል? ትንፋሽ ቢያጥረውስ?»

ሰውዬው ሳቀ። «በኔ እጅ ማን አብጦ ያውቃል? ሟርተኛ!»

«ምን ይሰጡታል ነው ያልኩት።»

ሰውዬው ብርጭቆውን አነሳና ፉት አለ።

ሚጣ የሳቂታን እናት ክንድ ያዘች። «እህቴ ከጠዋት እስከ ማታ ሐኪም አጠገብ ነው የምትውለው፣ እትዬ። እሷ የፈራችውን እኚህ ሰውዬ እንዴት አልፈሩትም?»

ሴትዮዋ አንዴ ሰውዬውን፣ አንዴ የልጃቸውን ጀርባ አዩ። ከዚያ የድንቡሼን ሱሪ ከፍ አደረጉለት። ፌስታሉን ከሰውዬው እጅ ወሰዱ።

«አንቺን ደግሞ» አሏት ሚጣን፣ ልጃቸውን እያዘሉ፣ «ቆይ፣ ይህ ልጅ ይዳንልኝና።»

መንገዱ ላይ እታለም እያለከለከች ደረሰችባቸው፤ የዘገየችው ሳትቆልፍ የወጣችው በር ትዝ ብሏት ልትቆልፍ ተመልሳ ነው። የሴትዮዋን ፊት አየች፣ የሚጣን ባዶ እግር አየች፤ ገባት። አልጠየቀችም። ጀርባዋን አዘጋጅታ «አምጡት፣ ከኔ እንጀምር» አለች።

ዳገቱን ድንቡሼን እየተቀባበሉ ወጡት። የሚጣን የተበጠሰ ነጠላ ጫማ ሳቂታ በፀጉሯ ማስያዣ አሰረችላት፤ ግን አላናገረቻትም።

«ያ ሁሉ ልብስ» ይላሉ የሳቂታ እናት በየደቂቃው። «ቁልፉ እንኳ አልተተከለ።»

«ቁልፍ መትከል እችላለሁ፣ እትዬ» አለች እታለም። «ለእሱ ፈቃድ አልተጠየቅኩም።»

ሴትዮዋ ሳይፈልጉ ሳቁ። ከዚያ «ያ ስለ ጎረቤት ያልኩሽን...» ብለው ጀመሩ።

«የሰፉልኝን ልብስ አሁንም ለብሼዋለሁ» አለች እታለም። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷ ብዙ ጠየቀች። ከዚህ በፊት ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ወጥቶበት ያውቃል? ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ? ስንተኛ መርፌው ነው? የመድኃኒቱን ብልቃጥ ገልብጣ አነበበች። ከዚያ ወጋችው። ድንቡሼ ሕንፃው እስኪነቃነቅ አለቀሰ።

«ከእንቅልፉ አይነቃም ነው ያልሽው?» አለች እታለም በሚጣ ጆሮ። ሚጣ በእፍረትና በሳቅ መሃል ፊቷን እህቷ ትከሻ ላይ ደበቀች።

ነርሷ ወዲያው አልለቀቀቻቸውም። «እዚሁ ወንበር ላይ ቆዩ፤ አየት አድርጌው ትሄዳላችሁ» አለች። ድንቡሼ ሲቃው አልፎለት የእናቱን ሜትር ያኝክ ጀመር። ምንም አልሆነም። ሚጣ ግን ዓይኗን ከፊቱ አላነሳችም፣ ነርሷ መጥታ «በሉ ሂዱ» እስክትል ድረስ።

ቁልቁለቱን ሲመለሱ ሁለቱ ትልልቆች ስለ ቁልፍና ስለ ክር እያወሩ ቀደሙ። ሳቂታ ድንቡሼን አዝላለች፤ ተኝቶባታል። ትንሽ እንደሄዱ ሚጣን ሳትመለከት ተናገረች።

«ነፍ ነው የተናደድኩብሽ።»

«አውቃለሁ።»

«የእናቴን አመድ የሆነ ፊት አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

ሳቂታ ተነፈሰች። «በቃ፣ ለክፍል ልጆች አልናገርም። ያ ቀልደኛ ከሰማማ ዓመቱን ሙሉ ሙድ ይይዝብሻል። ነርስ ናት እንዳልን እንቅር። በኔና ባንቺ መሃል ይቅር።»

ሚጣ ከፊት የምትሄደውን እህቷን አየች። እታለም በሁለት ጣቶቿ የሌለ መርፌና ክር ይዛ ቁልፍ አተካከል ለሴትዮዋ ታሳያለች፤ ሴትዮዋ «እንደሱ አይደለም!» እያሉ እጇን ያስተካክላሉ። እታለምም «እሺ፣ ያሳዩኝ» ትላለች።

የዚያ ቀልደኛ ሳቅ ከወዲሁ ጆሮዋ ላይ መጣ። የታክሲ ነው የሐኪም? ሚጣ የታሰረ ነጠላ ጫማዋን ጠበቅ አድርጋ ረገጠችና ጀርባዋን ለሳቂታ ሰጠች።

«አምጪው፣ ተራዬ ነው።» ድንቡሼ ሳይነቃ ከአንዷ ጀርባ ወደ ሌላዋ ተሻገረ። «ነገ ደግሞ ቀደም ብለሽ ጥሪኝ። መምህሩ ሳይገባ ለክፍሉ የምናገረው አለኝ።»